ከ58ኛው ቁጥር በኋላ

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች የጻፈው የመጀመሪያው መልእክት 15ኛ ምዕራፍ 58 ቁጥሮች አሉት። በሐዲስ ኪዳን ውስጥ ስለ ትንሣኤ ሙታን እንዲህ በስፋት የተጻፈበት ሌላ ቦታ የለም። ሐዋርያው የክርስቶስን መሞት፣ መቀበርና በሦስተኛው ቀን መነሣት ካስታወሰ በኋላ ያዩትን ምስክሮች ይቆጥራል፤ ኬፋን፣ ዐሥራ ሁለቱን፣ በአንድ ጊዜ ያዩትን ከ500 የሚበልጡ ወንድሞች፣ ያዕቆብን፣ በመጨረሻም ራሱን። ሙታን የማይነሡ ከሆነ ስብከታችንም እምነታችንም ምን እንደሚቀረው ይጠይቃል። አዳምንና ክርስቶስን ጎን ለጎን ያቆማል። ስለ ዘሪና ስለ ዘር፣ ስለ ከዋክብት ክብር፣ ስለ መጨረሻው መለከት ይናገራል። በመጨረሻም ሞትን ራሱን ፊት ለፊት አቁሞ ይሞግተዋል። አንባቢው ትንፋሹን ውጦ እዚህ ከፍታ ላይ ሲደርስ የሚቀጥለው ጉዳይ ገንዘብ ነው።

በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች የሚሰበሰብ መዋጮ ነው። ሐዋርያው አሠራሩን እንደ ጥሩ ገንዘብ ያዥ ያስረዳል፦ በየሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ እንደ ገቢው መጠን ከቤቱ ለይቶ ያስቀምጥ፤ እኔ ስመጣ ሩጫና ግርግር አይኑር፤ ገንዘቡን የሚያደርሱትን ታማኝ ሰዎች እናንተው ምረጡ፣ እኔ ደብዳቤ ጽፌ እልካቸዋለሁ።

ብዙዎቻችን ይህን መሻገሪያ ሳናየው እናልፋለን፤ በመካከሉ «ምዕራፍ 16» የሚል ምልክት ቆሟልና። ጳውሎስ ግን ምዕራፍ አልከፈለም። ዛሬ የምንጠቀምበት አከፋፈል የመጣው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በፓሪስ ያስተምር ለነበረውና በኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ለሆነው ለስቲቨን ላንግተን ይሰጣል። በቆሮንቶስ ቤት ውስጥ ተሰብስበው መልእክቱ ሲነበብ ያዳመጡት ሰዎች መለከቱንና መዋጮውን በአንድ ትንፋሽ ነው የሰሙት። ትንሣኤን ማመን በዕለት ኑሮ ምን ይመስላል ለሚለው ጥያቄ እኔ ከዚህ መሻገሪያ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

በመለከቱና በመዋጮው መካከል የቆመው 58ኛው ቁጥር ነው። በራሴ አነጋገር ልግለጸው፤ ስለዚህ ጸንታችሁ ቁሙ፣ በጌታ ሥራ ሁልጊዜ ትጉ፣ ድካማችሁ ከንቱ እንዳይደለ ታውቃላችሁና ይላል። ከዚያ ሁሉ ክርክር በኋላ ሐዋርያው የደረሰበት መደምደሚያ ሥራ ነው። ሞት ተሸንፏልና ደስ ይበላችሁ ብሎ ቢያበቃ ማን ይወቅሰው ነበር? እርሱ ግን ሞት ተሸንፏልና ሥራችሁ ቁም ነገር አለው አለ፤ ወዲያውም የመጀመሪያውን ሥራ ሰጣቸው።

ይህ ትእዛዝ ለምን ለቆሮንቶስ ሰዎች እንዳስፈለገ ለመረዳት ከተማዋን ማየት ይጠቅማል። ቆሮንቶስ በሮማውያን ከፈረሰች በኋላ በዩልዮስ ቄሣር ትእዛዝ በ44 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እንደገና የተቆረቆረች፣ በሁለት ወደቦች መካከል የተቀመጠች የንግድ ከተማ ነበረች። ነፃ የወጡ ባሮችና ነጋዴዎች የሚበለጽጉባት፣ ማንም ማንንም ለመብለጥ የሚሽቀዳደምባት ቦታ ናት። ጳውሎስ በዚያ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጧል፤ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ። በዴልፊ የተገኘው የድንጋይ ጽሑፍ ጋልዮስ የአካይያ አገረ ገዥ የነበረበትን ጊዜ ስለሚያመለክት፣ ሐዋርያው በከተማዋ የነበረው እ.ኤ.አ. ከ50 እስከ 52 ባለው ጊዜ ገደማ እንደሆነ ይታወቃል። መልእክቱን የጻፈላቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከኤፌሶን ነው።

በመልእክቱ የሚወቅሳቸው ነገሮች ዝርዝር ዛሬ የተጻፈ ይመስላል። ወንድም ወንድሙን በአሕዛብ ዳኛ ፊት ይከሳል። በጌታ ማዕድ ላይ አንዱ እስኪጠግብ በልቶ ይሰክራል፣ ሌላው ተርቦ ይቆማል። አንዱ የጳውሎስ ነኝ፣ ሌላው የአጵሎስ ነኝ ይላል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ደግሞ የሙታን መነሣት የለም ይሉ ነበር። በዚያ ዘመን በግሪኮች ዘንድ ሥጋ የነፍስ እስር ቤት ነው የሚለው አስተሳሰብ የተለመደ ነበርና፣ ከእስር ቤት ያመለጠ ሰው ወደዚያው ይመለሳል መባሉ ለጆሯቸው እንግዳ ነው። ሐዋርያው ግን ክህደቱንና ምግባሩን ለያይቶ አላያቸውም። ሥጋ የሚጣል ነገር ከሆነ የተራበው ወንድም ሆድ ምን ዋጋ አለው? ነገ የምንሞት ከሆነ እንብላ እንጠጣ ማለት ምን ነውር አለበት? በማዕዱ ላይ የታየው ነውር ከሥሩ የትንሣኤ ጥያቄ ነበር።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ልጅ ትንሣኤ ሙታንን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አምስተኛው አድርጎ ይማረዋል። ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ከዚያ ትንሣኤ ሙታን። በሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም የሃይማኖት መግለጫው በዚህ ተስፋ ይዘጋል። በመጨረሻ የተቀመጠ ነገር ግን ለመጨረሻ ቀን ብቻ የሚያገለግል ይመስለናል፤ እንደ ቀብር ልብስ በሣጥን ሥር ይቀመጣል። የዚህ ጽሑፍ ልመና ይህን እምነት ከሣጥኑ እናውጣው የሚል ነው።

እምነቱ ጠባይን የሚለውጠው እንዴት ነው? የዕብራውያን መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ ጥልቅ ነገር ይናገራል፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ባሪያ ሆኖ የሚኖረው ሞትን በመፍራት ነው ይላል። ይህን ቃል ቀስ ብሎ ላጤነው ሰው የብዙ ኃጢአት ሥር ይታየዋል። ጉቦ የሚቀበል ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ለመሆን ብሎ አይጀምርም። ነገ ምን ይመጣ ይሆን፣ ብታመምስ፣ ልጆቼ ሜዳ ላይ ቢቀሩስ ብሎ ይጀምራል። የወንድሙን ድርሻ መሬት የሚገፋ ሰው ዕድሜዬ አጭር ናት፣ አሁን ካልያዝሁ መቼ ነው ይላል። ሞት የመጨረሻ ቃል ከሆነ ጊዜም ሀብትም ክብርም የሚያልቅ ነገር ነው፤ የሚያልቅን ነገር ደግሞ ሰው ይሻማል። ክርስቶስ ተነሥቷል ብሎ ከልቡ ያመነ ሰው ግን ከሽሚያው መውጣት ይችላል። የሰጠው አልጠፋበትም፤ የተወው በደል ሞኝ አላደረገውም፤ ፍሬውን ሳያይ የደከመበት ሥራ በእግዚአብሔር ዘንድ ተቀምጦለታል።

ይህ በቃል ብቻ የቀረ እንዳልሆነ ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. ከ249 ገደማ ጀምሮ በሮም ግዛት ሁሉ የተዛመተ ከባድ ቸነፈር ነበር። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ዲዮናስዮስ ለምእመናኑ የጻፈው የፋሲካ ደብዳቤ፣ የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ በሰባተኛው መጽሐፉ ስላቆየልን፣ ዛሬም ይነበባል። በደብዳቤው እንደሚተርከው ሌላው ሰው የታመመውን ዘመዱን ነፍሱ ሳትወጣ መንገድ ላይ ሲጥል፣ ከክርስቲያኖች ብዙዎቹ ቀሳውስትም ዲያቆናትም ተራ ምእመናንም በሽተኞቹን ያለ ፍርሃት ያስታምሙ ነበር። የሞቱትን ዐይናቸውን ከድነው፣ አጥበውና ገንዘው ይቀብሩ ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ እነርሱም በዚያው በሽታ ይሞቱና በተራቸው ሌላው ይገንዛቸው ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ በፋሲካ ደብዳቤ ውስጥ መጻፉ ልክ ነው። ከትንሣኤ በዓል ጋር ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ወሬ አላገኝም።

መቶ ዓመት ሳይሞላ በዚያው በእስክንድርያ መንበር የተቀመጠው ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ ይህን ለክርክሩ ማስረጃ አድርጎታል። ክርስቶስ መነሣቱን በምን እናውቃለን ለሚለው፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ ሞትን እንዴት እንደናቁት ተመልከቱ ብሎ ይመልሳል። ሕያው የሆነ ይሠራል፤ የሞተ አይሠራም፤ በሰዎች ላይ እንዲህ የሚሠራው ማን ነው ይላል። አትናቴዎስ ለእኛ ሩቅ ሰው አይደለም። ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ ሾሞ የላከው እርሱ ነው። ወደዚህ አገር የመጣው የትንሣኤ ስብከት ማስረጃውን በሰዎች ኑሮ ላይ ከሚፈልግ መምህር እጅ የተቀበልነው ነው።

ጠላት እንኳ መስክሯል። እ.ኤ.አ. ከ361 እስከ 363 የነገሠው፣ ክርስትናን ትቶ ወደ ጣዖት የተመለሰው ዩልያኖስ፣ በስሙ በሚታወቅ ደብዳቤ ለገላትያው ሊቀ ካህናት ሲጽፍ፣ የእነዚህን ሰዎች ሃይማኖት ያስፋፋው ለእንግዳ ያላቸው ቸርነትና ለሙታን መቃብር የሚያደርጉት ጥንቃቄ ነው፣ የራሳቸውን ድሆች መመገባቸው ሳያንስ የእኛንም ይመግባሉ ብሎ ይቆጫል። እንግዳን መቀበልና ሬሳን ማክበር። በአዲስ አበባም በጎንደርም በዋሽንግተንም ያለ እድርተኛ ይህን ቢሰማ የሚያውቀውን ነገር ነው የሚሰማው። ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ሬሳ ተሸክሞ የማያውቀውን ሰው የሚሸኝ ሕዝብ ሥጋ ክቡር መሆኑን በእጁ ያውቀዋል። የሚነሣ ነገር ነውና በክብር ይቀበራል። ይህን ክብር ሰውየው በሕይወት ሳለ፣ አልጋ ላይ ሳለ ብንጀምረው ምን አለበት? ለቀብሩ 300 ሰው የወጣለት በሽተኛ በሆስፒታል አስታማሚ አጥቶ ሲሰነብት ማየት ያማል፤ አይተነዋልም። ዲዮናስዮስ ያመሰገናቸው ሰዎች ገናዦች ከመሆናቸው በፊት አስታማሚዎች ነበሩ።

ለቅሶ ላይ ስለምንናገረውም አንድ ነገር ልበል። ትንሣኤን የሚያምን አያለቅስም የሚሉ አሉ። ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሣው ደቂቃዎች ሲቀሩት ወደ መቃብሩ ሲሄድ አልቅሷል። ሐዋርያውም ለተሰሎንቄ ሰዎች የከለከለው ተስፋ እንደሌለው ሰው ማዘንን ነው። እናቷን የቀበረች ሴት «እመቤቴ፣ ይበቃሻል፣ ሃይማኖት የለሽም ወይ» ስትባል እምነቷ አይጸናም፤ ብቻዋን መሆኗ ይብስባታል። ይልቅ ድንኳኑ ከተነሣ፣ ሰልስቱ ካለፈ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጉዳዩ ከተመለሰ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት በሯን የሚያንኳኳ ሰው ትንሣኤን ይሰብክላታል። ለተዝካር ብሎ ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ ሲገባ ዝም የሚሉ ወዳጆችም ይህን ያስቡት፤ ለሟች የሚጠቅመው ጸሎቱና ለድሃ የተቆረሰው እንጀራ ነው፣ ለታይታ የተደገሰው ድግስ አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን የቀን መቁጠሪያ ልምጣ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ጊዜ በዓለ ሃምሳ ይባላል። ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ስግደት የለም። ይህ ጥንታዊ ሥርዓት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በ20ኛው ቀኖናው በሰንበትና በበዓለ ሃምሳ ተንበርክኮ መጸለይን ትቶ ቆሞ መጸለይን ደንግጓል። በሰሙነ ሕማማት ወገባችን እስኪዝል የሰገድን ሰዎች ከፋሲካ በኋላ እንቆማለን። ጉልበታችን ራሱ ስለ ትንሣኤ እንዲማር ነው የተደረገው። የመጀመሪያው ሳምንት ቀናትም የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ የአዳም፣ ዓርብ የቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ የቅዱሳት አንስት፤ እሑድ ዳግም ትንሣኤ። ተጠራጣሪው ቶማስ ማክሰኞን አግኝቷል፣ ሽቱ ይዘው ሲነጋጋ የሄዱት ሴቶች ቅዳሜን።

የሚያሳዝነኝ ነገር ይህ ነው። በ55ቱ የጾም ቀናት እንመጸውታለን፣ እንታረቃለን፣ ምላሳችንን እንገታለን። በ50ዎቹ የትንሣኤ ቀናት እንበላለን። ጾሙ ሲፈታ ምጽዋቱም አብሮ የተፈታ ይመስላል። ነዳያን የሚያውቁት ነው፤ በዐቢይ ጾም በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚዘረጋው እጅ ብዙ ነው፣ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ይመናመናል። ነገሩ መገልበጥ ነበረበት። ጾም መሰብሰቢያ ነው፤ ሳንበላ ያተረፍነውን የምናከማችበት። ትንሣኤ መስጫው ነው። በሐዋርያት ሥራ 4ኛ ምዕራፍ ሉቃስ ሐዋርያት የጌታን ትንሣኤ በታላቅ ኃይል ይመሰክሩ እንደነበር ከተናገረ በኋላ ወዲያው በመካከላቸው አንድ እንኳ ችግረኛ አልነበረም ይላል። ምስክርነቱና የችግረኛው አለመኖር በአንድ ትንፋሽ የተነገሩ ናቸው።

ይህን ለማድረግ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገንም፤ የቆየው በቂ ነው። ሰንበቴ አለን። ሰንበት የጌታ የትንሣኤ ቀን ናት፤ በየሳምንቱ ትንሽ ፋሲካ ናት። አባቶቻችን በዚያች ቀን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተራ ገብተው ዳቦና ጠላ እያቀረቡ ካህናቱንም መንገደኛውንም ድሃውንም አብረው ያበሉ ነበር። ጳውሎስ በየሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ለዩ ካለው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ተመልከቱ። ዛሬ በብዙ ከተማ ሰንበቴው የአባላት ምሳ ሆኖ ቀርቷል። አባላቱ ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ሰው አንድ ወንበር ቢለቁለት ሥርዓቱ ወደ ቀደመ ነገሩ ይመለሳል። ቅርጫም አለን። ሰፈርተኛው ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ሲያርድ ከመደቦቹ አንዷ ለማዋጣት ላልቻለው ቤት ብትወጣ፣ ያውም በማለዳ፣ ጎረቤት ሳያይ፣ ልጆቹ የተበላበትን ሳህን ሳይሆን ሥጋውን ከነክብሩ ቢያገኙ፣ ያ ቤት ክርስቶስ መነሣቱን በዚያ ቀን ያውቃል።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ ከዚህ እጅግ አልፎ ይሄዳል። ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ሲሄዱ አገሩ በረሃብ ተመትቶ አገኙት። ከእርሳቸው ጋር የነበረውን ዳቦና ጸበል ለተራቡት ሰጡ፣ ሁለት ልጆችም ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። ትዳራቸው ፈረሰ፣ ቤታቸውን ለቀቁ፤ ልጆቹን ግን አልለቀቁም። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ በእርሳቸው ያደገው ትውልድ እናቴ ብሎ ቀበራቸው። ሲጀምሩ ፍሬውን የሚያሳይ ምንም ነገር አልነበረም። 58ኛው ቁጥር ድካም ከንቱ አይደለም ሲል እንዲህ ያለውን ድካም ነው፤ ውጤቱ ሳይታይ የተጀመረውን።

በደቡብ ጎንደር አድባራት ዙሪያ የቀሩት ደኖችም እንዲህ ናቸው። አካባቢው ታርሶ ባዶ ሲሆን ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተርፏል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንተዋል፤ ከብት እንዳይገባባቸውም ማኅበረሰቡ ራሱ የድንጋይ አጥር እንዲያጥር አግዘዋል። በዛፎቹ ሥር ሙታን አርፈዋል። ዝግባውን የጠበቀው ሰው ጥላው ሥር አልተቀመጠም፤ ከሥሩ አርፎ ግን ትንሣኤን ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ይቅርታ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ላድርገው። በዮሐንስ ወንጌል የከሰል እሳት ሁለት ጊዜ ይነድዳል። መጀመሪያ በሊቀ ካህናቱ ግቢ፤ ጴጥሮስ እየሞቀ አላውቀውም ያለበት። ሁለተኛው በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፤ የተነሣው ጌታ ዓሣና እንጀራ አቅርቦ ቁርስ ያዘጋጀበት። ሞትን ያሸነፈው ጌታ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ ላደሩ ሰዎች እሳት አንድዶ ምግብ ሠራ። ጴጥሮስ የከሰሉን ሽታ ሲያሸት ምን ተሰምቶት ይሆን? ጌታ ግን በዚያ ሌሊት የሆነውን አላነሣበትም። መጀመሪያ አበላው። ከበሉ በኋላ ትወደኛለህን ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ ሦስት ጊዜ ክዶት ነበርና። በየጥያቄው መጨረሻም አደራ ሰጠው።

እዚህ ላይ የእርቅ ሥርዓት አለ። በደሉ አልተካደም፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ሦስቱን ክህደቶች ያውቃሉ። ግን በአደባባይ ተዘርዝሮ አልተነበበም። ተበዳዩ ቀድሞ ተነሣ፣ ቀድሞ አቀረበ፣ ቀድሞ አበላ። በመጨረሻ በዳዩ ሥራ ተሰጠው፤ ታመነ። የእኛ ሽማግሌዎች እርቅ ሲያስፈጽሙ ብዙውን ጊዜ ይቅርታው ላይ ያቆማሉ፦ እግር ተስሞ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተብሎ፣ ተመርቆ ይበተናል። ከዚያ ወንድምና ወንድም ሰላም ይባባላሉ፤ ግን አንዱ ለሌላው ልጁን አይልክም፣ ገንዘብ አያስይዝም፣ ምክር አይጠይቅም። በባሕሩ ዳር የሆነው ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል፤ የካደውን ሰው በጎቼን ጠብቅ አለው። ከቂም የተነሣ ሰው ምልክቱ ይህ ይመስለኛል፤ የበደለውን ሰው ደግሞ ማመን። በርግጥ የሚያቆስል ሰው ወዳለበት ቤት ተመለሺ ብሎ ሴትን ማስገደድ ይቅርታ አይደለም፤ ጴጥሮስ በተጠየቀ ጊዜ ልቡ አዝኖ ነበር፣ ያላዘነን በዳይ ግን ጊዜ ሊፈትነው ይገባል። ካዘነ በኋላ ደግሞ ዕድሜ ልኩን እንደ ተጠርጣሪ ማኖር ከመቃብር አውጥቶ በር ላይ ማቆም ነው።

የአልዓዛር ታሪክም ይህን ይላል። ጌታ ሙቱን ጠራው፤ ድንጋዩን ያነሡት ግን ሰዎች ናቸው፤ መግነዙን ፍቱት የተባሉትም ሰዎች ናቸው። የማስነሣቱ ሥራ የእርሱ ነው፤ የመፍታቱ ሥራ ለእኛ ተትቷል። ከዐረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች ልጅ በሕይወት መመለሷ ሳይበቃ፣ ምን አመጣሽ እየተባለች የምትታሰርበት ቤት አለ። ከእስር ወጥቶ ሥራ የሚነፈግ፣ ከሱስ ተላቅቆ ስሙ የማይለቀው፣ ከአእምሮ ሕመም ድኖ «እብዱ» የሚባል አለ። እነዚህ ሰዎች ተነሥተዋል፤ መግነዛቸው ግን ገና አልተፈታም።

አሁን መዋጮው የት እንደደረሰ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ አላለቀምና። የቆሮንቶስ ሰዎች ለመስጠት ዘግይተዋል። ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ ሁለት ምዕራፎች፣ 8ኛውንና 9ኛውን፣ ለዚህ ጉዳይ ሰጥቷል። የመቄዶንያ ክርስቲያኖች እጅግ ድሆች ሳሉ እኛም እንስጥ ብለው እንደለመኑት ይነግራቸዋል። ገንዘቡን የሚያጅቡ የታወቁ ሰዎች የሚላኩት ማንም እንዳያማን ብለን ነው፣ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለንና ይላል። የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ሒሳብ ይመርመር ሲባል እምነት እንደጎደለ ቃል የሚቆጥሩ ይህን ቢያነቡት እወዳለሁ። በመጨረሻ ቆሮንቶስ ያለችበት የአካይያ አውራጃ ሰዎችም እንደሰጡ በሮሜ መልእክት 15ኛ ምዕራፍ ተጽፏል።

ከየአብያተ ክርስቲያናቱ የተውጣጡ ሰዎች ከጳውሎስ ጋር ተነሡ፤ የሐዋርያት ሥራ 20ኛ ምዕራፍ የሰባቱን ስም ይጠራል። ከፊልጵስዩስ በመርከብ የወጡት የቂጣው በዓል ካለፈ በኋላ ነው፤ ለበዓለ ሃምሳ ኢየሩሳሌም ለመድረስም ይቸኩሉ ነበር። የትንሣኤው ምዕራፍ ያስጀመረው መዋጮ ባሕር የተሻገረው በእነዚያው 50 ቀናት ውስጥ ነው።

በኢየሩሳሌም ጳውሎስ ተያዘ። በቂሣርያ በአገረ ገዥው በፊልክስ ፊት ቆሞ ሲከራከር፣ ለወገኖቼ ምጽዋት ላደርስ መጥቻለሁ አለ፤ ጻድቃንም ኃጥኣንም ከሙታን ይነሣሉ ብዬ ተስፋ ስለማደርግ ዛሬ በፊታችሁ እከሰሳለሁ አለ። በዚህ ተስፋ የተነሣ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት ነውር የሌለባት ሕሊና እንድትኖረኝ እተጋለሁ አለ። መለከቱና መዋጮው በአንድ ፍርድ ቤት ተገናኙ። ፊልክስ ሰውየው ገንዘብ ይዞ እንደመጣ ከራሱ አንደበት ሰምቷልና ጉቦ ይሰጠኛል ብሎ ደጋግሞ ያስጠራው፣ ያነጋግረውም ነበር። ጳውሎስ ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛት፣ ስለሚመጣውም ፍርድ ይነግረው ነበር፤ ብር ግን አልሰጠውም። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ፊልክስ ተሻረ፣ በምትኩ ፊስጦስ መጣ፤ ጳውሎስም እንደታሰረ ጠበቀው።